የማይለጠጥ ክር

በዘጠኝ ዓመቴ ስለ ዶቃ ክር የማላውቀው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። እናቴ ማናህሎሽ ጁባ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ጥግ ላይ በነበራት ጠባብ ሱቅ የአንገትና የእጅ ዶቃ እየሰካች ትሸጥ ስለነበር፣ እኔ ያደግኩት ክር እየለየሁ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጠንካራ ነው፤ ለከባድ ዶቃ ይሆናል፣ ግን በሙቀት ይጠማዘዛል። ሽቦ ቅርፁን ይይዛል፤ ደጋግሞ ከታጠፈ ግን ይሰበራል። የጥጥ ክር ላብ ይበላዋል። ላስቲክ ግን ለእኔ የክር ሁሉ ንጉሥ ነበር። መቆለፊያ አይፈልግም፣ ወፍራም እጅ ይገባበታል፣ ከቀጭን እጅም አይወልቅም። እናቴ «ልኩን ለማታውቂው ሰው ላስቲክ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም ይህችን አባባል እንደ ጸሎት በቃሌ ይዣት ነበር። አንድ ነገር ያወቀች ልጅ መከራ ናት፣ ሁሉን ያወቀች ይመስላታል።

የምነግራችሁ የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ከመደረጉ በፊት በነበረው ክረምት ስለሆነው ነው። የምንኖረው ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር ነበር፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ። አባቴ በቀለ የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ከእኛ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ክፍሎች ኛቹኦል፣ እናቷ እማማ ኛቦልና የስምንት ወር ልጇ ቢኤል ይኖሩ ነበር። ኑዌሮች ናቸው፤ ኛቹኦል ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ የተማረች ስለሆነች አማርኛዋ ከኔ ይሻል ነበር። እማማ ኛቦል ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በዱላና በድምፅ ግቢውን ሙሉ ይዞሩታል፣ ለቀረው ደግሞ እኔን ይጠሩኛል። «ሩሃማ፣ አንቺ ዓይኔ ነሽ» ይሉኛል። እኔም ዓይን መሆን በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ኛቹኦል የምትሠራበት ድርጅት ለስድስት ሳምንት ወደ ማላካል ከተማ ላካት። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ቢኤልን ምንጣፍ ላይ ራቁቱን አስቀምጣ ወገቡ ላይ የነበረውን ዶቃ ፈታች። ሰማያዊና ነጭ፣ መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ ቀይ ጣል ጣል ያለበት፣ ከእማማ ኛቦል እናት የመጣ ዶቃ ነው። ክሩ ስላረጀ ልትቀይረው ነበር። እናቴ ወዲያው ሮጣ ገብታ የክር ሣጥኗን ይዛ ወጣች።

«ከዚህ ምረጪ። ላስቲኩ አዲስ ነው፣ ናይለኑም አለልሽ።»

ኛቹኦል ላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ሳብ፣ ለቀቅ አደረገችው። «አይ፣ ይሄ ይዋሻል» አለች እየሳቀች። «የሚለጠጥ አልፈልግም።»

«ገባኝ፣ ልክ ነሽ» አለች እናቴ፤ እሷም ሳቀች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። የእናቴን ምርጥ ላስቲክ ውሸታም ብላ ስትሰድባት እናቴ ትስቃለች! ኛቹኦል ከገዛ ጓዳዋ ተራ የጥጥ ክር አመጣች፣ በቅቤ አሸችው፣ ዶቃውን ሰካችና ልጇ ወገብ ላይ አሰረችው። ከዚያ የእናቷን እጅ ይዛ ጠቋሚ ጣታቸውን ከዶቃው ሥር አስገባች። መጀመሪያ በኑዌርኛ አወሩ፤ ቀጥላ ለእናቴ በአማርኛ ነገረቻት።

«አንድ ጣት ከሆነ ደህና ነው። ሁለት ጣት ከገባ ግን አንድ ቀን እንዳታሳድሩ፣ ደውሉልኝ። ሥራውን ጥዬ መጥቼ እወስደዋለሁ። እማማ በየጠዋቱ ጣቷን ታስገባለች፣ አንቺ ማታ ማታ ጠይቂልኝ።»

«ኧረ እጠይቃለሁ፣ ምን ሆነሻል» አለች እናቴ።

እኔ የሰማሁትን ሰማሁ። ዶቃው የቅድመ አያት ነው፤ ክሩ ከላላ ይወልቃል፣ ይጠፋል። ዶቃው ከጠፋ ደግሞ ኛቹኦል ተቆጥታ ልጁን ከእኛ ዘንድ ትወስዳለች። እንዲህ አድርጌ ነው የተረዳሁት፣ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬም አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እማማ ኛቦል ቢኤልን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ጣታቸውን ይሰዳሉ። ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ «አንድ» ይላሉ፣ እኔም ከጎናቸው ሆኜ «አንድ» እላለሁ። ማታ እናቴ ከሱቅ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «እማማ፣ ዛሬስ?» ትላለች። «አንድ ነው» ይሏታል። «ተመስገን» ብላ ትገባለች። ለአንድ ዙር ዶቃ ይሄ ሁሉ ጭንቀት! አንዳንዴማ እማማ እኛን ሌባ ብለው ጠርጥረው ይመስለኝና አኮርፍ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከቢኤል ጋር ነኝ። ወንድምም እህትም የለኝም። ፀጉሬን ይዞ ሲጎትት፣ አገጬን ሲነክስ፣ ስሜን የጠራ እየመሰለኝ «ሩ አለ! ሩ አለ!» እያልኩ ግቢውን አናውጥ ነበር። ወድጄው ነበር፤ እንደዚያ አድርጌ የወደድኩት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጡጦውን መግፋት ጀመረ። ሆዱም አልረጋ አለ። እማማ «ጨርቁን እይልኝ፣ ምን ይመስላል?» ሲሉኝ እኔ አፍንጫዬን ይዤ ከሩቅ «ደህና ነው» እላቸዋለሁ። አላይማ! የሚሸት ነገር ማየት አልወድም ነበር።

አንድ ረፋድ እማማ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ እኔም እንደሳቸው ጣቴን ከዶቃው ሥር ሰደድኩ። ገባ። ሁለተኛውን ጨመርኩ፣ ገባ። የኔ ጣት እኮ ቀጭን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና ሦስተኛውን ሞከርኩ። ሦስተኛውም ገባ። የዚያን ቀን ጠዋት እማማ «አንድ» ከማለታቸው በፊት ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆይተው ነበር። ነገ «ሁለት» እንደሚሉ አወቅሁ። ማታ እናቴ ትደውላለች፣ በነጋታው ኛቹኦል ትመጣለች፣ ቢኤልም ይሄዳል።

እሳቸው ምሳ ሰዓት ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ቢኤልን ወደ እኛ ክፍል ወሰድኩት። ከእናቴ ሣጥን አንድ ክንድ ላስቲክ ቆረጥኩ። በኋላ እንዳይላላ እንደተማርኩት አስቀድሜ ደጋግሜ ሳብኩት። የጥጥ ክሩን በጥሼ ዶቃዎቹን አንድ ሳይቀር፣ ቀዩን በቀዩ ቦታ፣ በተራቸው ሰካኋቸው። ሦስት ጊዜ ቋጠርኩ። እናቴ ቋጠሮ እንዳይፈታባት እንደምታደርገው ቀይ ኩቴክስ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግኩበት። ዶቃው ወገቡ ላይ ልክክ አለ። የድሮውን ክር ሽንት ቤት ጣልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ያ የጥጥ ክር ሚዛን ነበር። ዓይን የሌላት አያት የልጅ ልጇን መክሳትና መወፈር በጣቷ የምታነብበት፣ እሷም ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የተማሩት ሚዛን። ክሩ ለዶቃው የቆመ መስሎኝ ነበር፤ ዶቃው ነበር ለክሩ የቆመው። ይህን ዛሬ እናገራለሁ። ያኔ ግን እየዘፈንኩ ጡጦ አጠብኩ።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ ጣታቸውን አስገቡና ቆሙ።

«ይሄ ክር ምን ሆኗል?»

«ትናንት ሳጥበው ረጥቦ ነው፣ እማማ።»

«ረጥቦ?» ጣታቸውን አወጡና መልሰው አስገቡ። «ለስልሷል።»

«ውሃ ስለነካው ነው።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ነጭ ዓይናቸው አያየኝም፤ እኔ ግን ወለሉን ማየት ጀመርኩ። «ዶቃው ያው ነው?»

«ያው ነው።» ይህ እውነት ነበር።

«ክሩስ?»

«ያው ነው።»

ውሃ ጫኙ መኪና ውጭ ጡሩምባ ሲነፋ ትዝ ይለኛል። «አንድ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ» አልኩ እኔም፣ ከሳቸው ጮክ ብዬ።

ያመኑኝ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ዓይናቸው ነበርኩ፤ ሰው የገዛ ዓይኑን አይጠረጥርም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጸጥ ያሉ ናቸው። ቢኤል ማልቀሱን ተወ። ጠባዩ ያማረ መሰለኝ። ፀጉሬን አይጎትትም፣ አገጬን አይነክስም፤ ባስቀመጥኩት ቦታ ይቀመጣል፣ ኋላ ኋላማ ባስተኛሁት ይተኛል። ዓይኖቹ ትልልቅ ሆኑ። «እማማ፣ ቢኤል እኮ እየቆነጀ ነው!» አልኳቸው አንድ ቀን። «እንዴት?» አሉ። «ዓይኑ አደገ።» እጃቸውን ፊቱ ላይ አሳረፉ፣ ጉንጩን ዳሰሱ፣ ከዚያ ፈጠን ብለው ወደ ወገቡ ወረዱ። አንድ። እንደገና ሞከሩ። አንድ። ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ማታ እናቴ ስትጠይቃቸው «አንድ ይላል» አሏት። እናቴ «ተመስገን» ብላ ገባች፤ ልጁ በኩታ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር።

«አንድ ነው» አላሉም፤ «አንድ ይላል» ነው ያሉት። ይህን ልዩነት ያስተዋልኩት አድጌ ነው።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ጣለና የሆቴሉ ግቢ ውሃ ስለገባበት እናቴ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ዘግታ መጣች። ቢኤል ጨርቁን እየቀየርኩለት ስለነበር ራቁቱን ነበር። እናቴ ከበሩ ቆማ ጫማዋን ልታወልቅ አጎነበሰች፣ እንዳጎነበሰችም ቀረች።

«ሩሃማ፣ ይሄ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እንዴት የሆነው?»

አንዱን ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች፣ ክንዱን ያዘች፣ ሁለቱ ጣቶቿ ክንዱን ዞረው ተገናኙ። «እማማ!» አለች። «እማማ ኛቦል! ጣትዎን ያስገቡ እስቲ።»

አስገቡ። «አንድ» አሉ። «በየቀኑ አንድ ነው። እጄ ልጁ ደህና አይደለም ይለኛል፣ ክሩ ግን አንድ ይላል።»

እናቴ ዶቃውን በጣቷ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችው። ከልጁ ሆድ ስንዝር ያህል ራቀ። ለቀቀችው። ጠሽ ብሎ ተመለሰ። ቢኤል አላለቀሰም።

ያን ድምፅ እማማም ሰሙት።

እናቴ ዶቃውን አዙራ ቋጠሮውን አየች፤ ቀዩዋን ጠብታ። የገዛ እጇን ዘዴ አወቀችው። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ?»

እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያኔም ትንሽ ኩራት ነበረኝ። «እንዳይወልቅ ብዬ ነው» አልኩ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመታችኝም። እማማ ኛቦል እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘርግተው ትከሻዬን አገኙ።

«ስንት ቀን ሆነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «አሥራ ሁለት።»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ከበደ። ያሉት አንዲት የኑዌርኛ ቃል ብቻ ነበር፤ አልገባችኝም፣ እስከ ዛሬም ማንንም አልጠየቅሁም።

እናቴ ቢኤልን በነጠላዋ ጠቅልላ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ሁለት ቦዳ ቦዳ ሞተር አስቆመች፣ አንዱ ላይ እሷ ከልጁ ጋር፣ ሌላው ላይ እማማና እኔ። «ያላ! ያላ!» እያለች ሹፌሩን ጀርባውን ትደበድበዋለች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሞተራችን ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ሊጥለን ነበር። እማማ ኛቦል በሁለት እጃቸው ወገቤን ይዘው «ይታዩሻል? ከፊታችን ናቸው? ልጁ ይንቀሳቀሳል?» ይሉኛል። የእናቴን ጀርባ ብቻ ነው የማየው። «ይንቀሳቀሳል» አልኳቸው። ይህም ውሸት ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ አኮት የምትባል ነርስ ልጁን ከእናቴ እጅ ተቀበለች። «ጀና ዴ ታባን ሸዲድ» አለች በጁባ ዓረብኛ፤ ይሄ ልጅ በጣም ታሟል። ከኪሷ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ቀጭን የወረቀት የክሳት መለኪያ አውጥታ ክንዱ ላይ ጠመጠመችው፤ ጫፉን ሳብ ስታደርገው ቀዩ ላይ ቆመ። ወረቀቱ አይለጠጥም። ቆሜ ሳየው ነበር። አይለጠጥም! ሮጬ ወጥቼ በረንዳው ጫፍ ላይ አስመለሰኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ይተርፋል ወይ አይተርፍም የሚል ሰው አልነበረም። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገቡለት። እናቴ ሱቋን አልከፈተችም፤ እኔን አላናገረችኝም። እማማ ኛቦል ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው የልጁን እግር ይዘው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አኮት «ዛሬ ወተቱን ዋጠ» አለች፤ እናቴም ፊቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ኛቹኦል የመጣችው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነው፣ ከአውሮፕላን በቀጥታ፣ የሥራ ሰደርያዋን እንኳ ሳታወልቅ። እኔ ተደብቄ በመስኮት አያለሁ። ልጇን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረች። እናቴ አፏን ከፈተች። በዚህ ጊዜ እማማ ኛቦል ተነሡ፣ እጃቸውን ወደ እናቴ ፊት ላኩ፣ ዳሰሱ፣ አፏን ገጥመው ያዙ። ሊመቷት መሰለኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ጠቋሚ ጣታቸውን ከፍ አድርገው በኑዌርኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ኛቹኦል ጣቱን ታያለች። ከዚያ ጮኸች። ሕመምተኛው፣ አስታማሚው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ጮኸች።

አለቀልኝ አልኩ፤ ተናግረውብኛል። ኛቹኦል ስትወጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እሷ ግን ፊቴ ደርሳ ጎንበስ አለችና ራሴን ዳበሰችኝ። «እማማን መርተሽ ያመጣሻት አንቺ ነሽ አሉኝ። ጎበዝ ልጅ» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ለምን እንዳልቀጣችኝ አልገባኝም። ደግ ስለሆነች ይቅር አለችኝ ብዬ ደመደምኩ፤ ልጅ ለራሱ የሚስማማውን ማመን አያቅተውም።

ቢኤል ዳነ፣ ወፈረ፣ ፀጉሬንም ይጎትት ጀመር። ኛቹኦል ከሎሎጎ ሰፈር አንዲት ሞግዚት ቀጠረች። እማማ ኛቦል ከኒሙ ዛፍ ሥር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። ልጁ እየዳኸ ወደሳቸው ሲሄድ ሞግዚቷ ከመንገድ ታነሳዋለች። አንድ ቀን «እማማ፣ ለምን አያቅፉትም?» አልኳቸው።

«እጄ ደክሞታል፣ ዓይኔ» አሉኝ።

ሰለቻቸው ብዬ አዘንኩባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ እኛ ኮሎሎ ወደሚባል ሌላ የጁባ ሰፈር ተዛወርን፤ ነፃነቱ ሲታወጅ ደግሞ አባቴ ሥራውን ጨርሶ አዲስ አበባ ተመለስን።

አምና ከእናቴ ጋር አሮጌ ሣጥኗን ስናጸዳ፣ ኩቴክስ ጠብታ ያለበት የተቆረጠ ላስቲክ አገኘሁ። በእጄ ይዤ ቀና ስል እያየችኝ ነበር።

«ለኛቹኦል ልነግራት ነበር እኮ» አለች። «አፌን ያዙኝ። ‹ጣቴ ደነዘዘ፣ ሁለቱን አንድ እያልኩ ተሳሳትኩ› ብለው ነው ለልጃቸው የነገሯት። በኋላ እኔን ‹ይቺ ልጅ ገና ብዙ ትኖራለች፣ ይሄን ተሸክማ አታድግም› አሉኝ።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ጮኼባት ነበር።

«ልጄ ነሽ» አለችኝ።

የኛቹኦልን ስልክ ሰጠችኝ። ካምፓላ ነው የምትኖረው። ቁጥሩን ይዤ ስምንት ወር ቆየሁ፤ ፈሪ ነኝ፣ አልክድም። ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ ተደሰተች፣ ቢኤል ቁመቱ በሩን ሊያልፍ ነው አለችኝ፣ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ነገርኳት። ላስቲኩን፣ «ረጥቦ ነው» ማለቴን፣ አሥራ ሁለቱን ቀን፣ ሁሉንም።

ወንበር ስባ ስትቀመጥ ሰማሁ።

«ከዚያ በኋላ እናቴ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖረች» አለች። «ሦስት ዓመት ልጄን አላስያዝኳትም። አንድ ቀን እንኳ። ልትሞት ስትል ‹ቢኤልን አምጡልኝ› አለች። ተኝቷል አልኳት።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«አልተኛም ነበር፣ ሩሃማ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ነበር።»